መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎችና ጽኑ ሕክምና ላይ ያሉ ጨቅላዎች፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጽኑ ሕክምና ክፍል የገባ ጨቅላን በሕይወት የሚያቆዩት ነገሮች ለባክቴሪያም መግቢያ ናቸው። በደም ሥሩ የገባው መስመር፣ የመተንፈሻ ቱቦው፣ በአፍንጫው የወረደው የወተት ቱቦ፣ ሁሉም ከውጭ ወደ ውስጥ ያደርሳሉ። በዚያ ላይ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ቆዳው ስስ ነው። ከእናት ወደ ልጅ የሚሻገረው በሽታ ተከላካይ አንቲቦዲ ደግሞ አብዛኛው የሚሻገረው በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ነው። ቀድሞ የመጣ ልጅ ያንን ስንቅ ሳይቋጥር ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት በተወለዱ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ሞተዋል። ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ሐኪሞች ሴፕሲስ የሚሉት፣ መላ ሰውነትን የሚያናጋ ኢንፌክሽን ነው። ከ2018 እስከ 2020 በ11 አገሮች፣ በ19 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ሴፕሲስ የተጠረጠረባቸውን ከ3,200 በላይ ጨቅላዎች ተከታትሏል። ከመቶው 11 ያህሉ አልተረፉም። ከደማቸው በብዛት የተገኘው ክሌብሲዬላ የተባለ፣ ብዙ መድኃኒት በመቋቋም የሚታወቅ ባክቴሪያ ነው። ለእነዚህ ልጆች የታዘዙት የአንቲባዮቲክ ቅንብሮች ከ200 በላይ ነበሩ። እኔን የገረመኝ ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ሁሉም በየፊናው እየሞከረ ነው ማለት ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ክፉ ሰው አይሠራቸውም። ከፍርሃት፣ ከጥድፊያ፣ አንዳንዴም ከአዘኔታ የሚመጡ ናቸው። የጻፍኩት ክፍሉ ውስጥ ለሚሠሩም፣ ክፍሉ ውስጥ ልጅ ላላቸውም ነው።

«የልጄ ሰውነት መድኃኒቱን ለመደው» ብሎ ማሰብ

መድኃኒቱን የለመደው ባክቴሪያው ነው። ልጁ ምንም አልለመደም። አንዲት ጠብታ አንቲባዮቲክ ያልቀመሰ የሁለት ቀን ሕፃን እንኳ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ሊይዘው ይችላል። ሲወለድ ከእናቱ፣ ከተወለደ በኋላ ከሰው እጅ፣ ከዕቃ ወይም ከውሃ ያገኘዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን የሚሰባብር ኤንዛይም ያመርታሉ። ኢኤስቢኤል የሚባሉት ኤንዛይሞች እነ ሴፍትሪአክሶንንና ሴፎታክሲምን ከጥቅም ውጭ ያደርጋሉ። ካርባፔነሜዝ የሚባሉት ደግሞ እንደ ሜሮፔነም ያሉትን፣ ሐኪም ለክፉ ቀን የሚያስቀምጣቸውን ይሰብራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው ኤንዲኤም ከእነዚህ አንዱ ነው። ኤንዛይሙ የሚሠራበት መመሪያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ነው። ባክቴሪያው ቀለበቱን ገልብጦ አጠገቡ ላለው ባክቴሪያ ይሰጠዋል። ተቀባዩ ሌላ ዝርያ ቢሆንም ይሰጠዋል።

ይህ ምን ያመጣል? አልጋ ቁጥር ሦስት ላይ ያለው ልጅ የሚወስደው መድኃኒት አልጋ ቁጥር አምስት ላይ ያለውንም ይመለከተዋል። ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ሲያጠፋ፣ የማይበገሩት ቦታው ይለቀቅላቸዋል። ከዚያ የሰው እጅ እየጠበቁ ይቀመጣሉ። ብዙ እናቶች «ጥፋቱ የኔ ነው፣ በእርግዝናዬ የወሰድኩት ኪኒን ነው» እያሉ ራሳቸውን ሲያሰቃዩ ይታያሉ። ከእናት የሚመጣ አለ። በሆስፒታል ቆይታ የሚመጣው ግን በአብዛኛው የክፍሉ ነዋሪ ነው።

ጓንት እጅ መታጠብን ይተካል ብሎ ማመን

ጽኑ ክፍል ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ቆሞ የሰው እጅ ብቻ መመልከት ብዙ ያስተምራል። ነርሷ ጓንት አድርጋለች። የሞኒተሩን ጩኸት አጠፋች። የኢንኩቤተሩን መስኮት ከፈተች። ዳይፐር ቀየረች። በዚያው ጓንት የወተት ቱቦውን አስተካከለች፣ በደም ሥሩ የገባችውን ቀጭን ቱቦ፣ የካኑላውን ፕላስተር ጫን ጫን አደረገች፣ ካርዱ ላይ ጻፈች። ጓንቱ የእሷን እጅ ጠብቋል። ልጁን ግን አልጠበቀውም። ዳይፐሩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ካኑላው ጋ ደርሷል። እስክሪብቶው ላይም አለ። እስክሪብቶውን ቀጥሎ የሚያነሳው ሐኪሙ ነው።

ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም ቪየና ላይ አስከሬን መርምረው ወደ ወላዶች የሚሄዱ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን እንዲታጠቡ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። የወላዶቹ ሞት በጣም ቀነሰ። ባልደረቦቹ ግን ነገሩን አልወደዱለትም፣ እንደ ስድብ ቆጠሩት። ዛሬ በሐሳቡ የሚከራከር የለም። ችግሩ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሦስት ማሽን በአንድ ጊዜ ሲጮህ ማድረጉ ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አምስት ጊዜዎችን ለይቶ አስቀምጧል። ልጁን ከመንካት በፊት። መስመር እንደ መክፈትና መርፌ እንደ መስጠት ያለ ንጽሕና የሚፈልግ ሥራ ከመጀመር በፊት። የሰውነት ፈሳሽ ከነኩ በኋላ። ልጁን ከነኩ በኋላ። በልጁ ዙሪያ ያለ ዕቃ ከነኩ በኋላ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ነው። ልጁን ስላልነኩት እጃቸው ንጹሕ ይመስላቸዋል፤ የኢንኩቤተሩ በር ግን ከልጁ ቆዳ ብዙም አይለይም። በአልኮል ሳኒታይዘር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት፣ በሳሙናና በውሃ ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ መታጠብ ይበቃል። በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ካለ አልኮሉ አይሠራም፣ ውሃና ሳሙና ነው።

ጓንት ከተወለቀ በኋላም እጅ ይጸዳል። ጓንት ይቀደዳል፣ ሲወለቅም እጅን ይነካል።

ጥፍርን በተመለከተ ሰው ሲነገረው የሚቆጣበት ጉዳይ ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ በአንድ የጨቅላዎች ጽኑ ክፍል ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ሲመረመር ከልጆቹ መያዝ ጋር ግንኙነት የተገኘላቸው ሁለት ነርሶች ነበሩ። አንዷ የራሷ ረጅም ጥፍር፣ ሌላዋ ረጅም አርቴፊሻል ጥፍር ነበራቸው። ሁለቱም ልጆቹን ለመጉዳት አላሰቡም። ጥፍር ሥር ግን ሳኒታይዘር በቀላሉ አይደርስም። ቀለበትም፣ የእጅ ሰዓትም እንደዚያው።

ወላጆች ደግሞ ስልካቸውን ይረሳሉ። በደንብ ታጥበው ይገባሉ፣ ፎቶ ለማንሳት ስልኩን ያወጣሉ፣ በዚያው እጅ ልጁን ይዳስሳሉ። ስልኩ ውጭ ቢቀር ይሻላል። ካልሆነ ከስልኩ በኋላ እጅ እንደገና ይጸዳል። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ እጅዎን ታጥበዋል?» ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም። ጥሩ ሐኪም አይቀየምም። የሚቀየም ካለ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ያስፈልገው ነበር።

ከመነሻው «ጠንከር ያለውን» ማዘዝ ወይም መለመን

ልጁ ትንሽ ድክም ሲለው ሁሉም ይደነግጣል። አባት «ከባዱን ስጡልኝ፣ ገዝቼ አመጣለሁ» ይላል። ሐኪሙም ቢሆን ሌሊቱን በሰላም ማደር ይፈልጋል። ጣቱ ሳያስበው ወደ ሴፎታክሲም ወይም ወደ ሜሮፔነም ይሄዳል።

ለጨቅላ ሴፕሲስ የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ ደረጃ የሚመክረው አምፒሲሊንን ከጄንታሚሲን ጋር ነው። ያረጁ መድኃኒቶች ናቸው፣ ርካሽም ናቸው። ርካሽ ስለሆኑ ደካማ የሚመስሉት ሰው ብዙ ነው። ባክቴሪያው ለእነሱ የሚሸነፍ ከሆነ ግን ውዱ መድኃኒት በልጁ ላይ የሚጨምረው ጥቅም የለም። የሚጨምረው ጉዳት አለ፤ ሰፊ ክልል ያለው መድኃኒት አንጀት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል። እንደ ሴፎታክሲም ያሉት የሦስተኛው ትውልድ ሴፋሎስፖሪኖች በብዛት ሲሰጡ በጣም ትንንሾቹ ልጆች ላይ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ደም ውስጥ የመግባት ዕድሉ ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሁለት የጨቅላዎች ጽኑ ክፍሎች ነበሩ። አንዱ ሲጀምር ፔኒሲሊንና ቶብራሚሲን ይሰጣል፣ ሌላው አሞክሲሲሊንና ሴፎታክሲም። ከስድስት ወር በኋላ ተቀያየሩ። ሴፎታክሲሙ በተሰጠበት ወቅት፣ ሕፃናቱ እዚያው ክፍል የሚሰጠውን መድኃኒት የሚቋቋም ባክቴሪያ የመሸከማቸው ዕድል በ18 እጥፍ በለጠ። ክፍሎቹ ሲቀያየሩ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ተከትሎ ተቀያየረ። ሕንፃው ያው፣ ሠራተኛው ያው። የተለወጠው ትዕዛዙ ብቻ ነው።

ይህን ስል አምፒሲሊንና ጄንታሚሲን የማይሠሩበት ክፍል የለም ማለቴ አይደለም። አለ፣ እየበዛም ነው። እንዲህ ያለ ክፍል የመጀመሪያ ምርጫውን መቀየር ያለበት ግን የራሱን የካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያን አሳድጎ የመለየት ምርመራ፣ ውጤቶች ሰብስቦ፣ በየጊዜው አይቶ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ስለሞተ ብቻ ለመጪዎቹ ሁሉ ሜሮፔነም ማዘዝ ሐዘን ነው እንጂ ሕክምና አይደለም።

ካልቸር ሳይወስዱ መጀመር

የደም ካልቸር ማለት የልጁን ደም በንጹሕ መንገድ ወስዶ፣ ባክቴሪያ እንዲያድግ በሚያደርግ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ካደገ ምን እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይታያል። መወሰድ ያለበት የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት ነው። አንድ ዶዝ ከገባ በኋላ የሚወሰድ ደም ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይመጣል። ያኔ ሐኪሙ በጨለማ ነው የሚሄደው።

ሌላው ስህተት የደሙ መጠን ነው። ለትንሽ ልጅ ማዘን ያለ ነው፤ «ደሙ አልቆ» እያሉ ጥቂት ጠብታ ብቻ ወደ ጠርሙሱ ይገባል። ቢያንስ 1 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ከዚያ ያነሰ ደም ውስጥ ባክቴሪያው ቢኖርም ላይያዝ ይችላል። ልጁ ተወግቶ መልስ ሳይገኝ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ቆዳውም ከመወጋቱ በፊት በደንብ ይጸዳ፣ ማጽጃው ይድረቅ። አለበለዚያ የሚያድገው የቆዳው ባክቴሪያ ይሆንና ልጁ በማያስፈልገው መድኃኒት ይሰነብታል።

በጠና ለታመመ ልጅ ግን ካልቸር ፍለጋ ሕክምናው አይዘገይም። ደም መውሰድ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ደሙ እንቢ ካለ መድኃኒቱ ይጀመራል።

ማቆም መፍራት

ከሁሉም ስህተት የከፋው ይሄ ይመስለኛል። መጀመር ቀላል ነው፣ ማንም አይጠይቅም። ማቆም ግን ፊርማ ይፈልጋል። ነገ ልጁ ቢታመም «ማን ነው ያቆመው?» ይባላል። ስድስት ቀን ሙሉ ያለ ምክንያት ቢሰጠው ግን «ማን ነው የቀጠለው?» የሚል የለም።

ጨቅላ ሲታመም ምልክቱ ግልጽ አይደለም። ትንፋሽ መቆራረጥ፣ መገርጣት፣ ወተት አለመቀበል ከኢንፌክሽን ውጭ በሌላ ምክንያትም ይመጣሉ። ስለዚህ ተጠርጥሮ አንቲባዮቲክ የሚጀመርለት ልጅ ይበዛል፤ በእርግጥ ኢንፌክሽን የሚገኝበት ጥቂቱ ነው። ይህ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ጥርጣሬው ከጠራ በኋላ መቀጠሉ ነው። እውነተኛ ባክቴሪያ ካለ ካልቸሩ ብዙውን ጊዜ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይናገራል። በዚያ ሰዓት ምንም ካላደገ፣ ልጁም ደህና ከሆነ፣ መድኃኒቱ ይቆማል።

«ለማንኛውም አንድ ሳምንት ይሙላ» የሚለው ነገር ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ክብደታቸው እጅግ ዝቅተኛ የሆኑ ሕፃናትን ተመልክቷል። ካልቸራቸው ምንም ሳያሳይ የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ለአምስት ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት፣ አንጀትን በሚያበሰብሰው ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይቲስ የመያዝ ወይም የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ነበር የተገኘው። አዲስ የተወለደ ልጅ አንጀት ገና ባክቴሪያ እየሰፈረበት ያለ ቦታ ነው። በዚያች ሳምንት ጥሩዎቹን ጠርጎ ማን እንዲሰፍር ነው የምንፈልገው?

እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ሁላችንም «የታዘዘላችሁን አንቲባዮቲክ ሳትጨርሱ አታቁሙ» ሲባል ነው ያደግነው። ያ ምክር ኢንፌክሽን እንዳለበት ተወስኖ መድኃኒት ይዞ ቤቱ ለሄደ ሰው ነው፤ ሲሻለው በራሱ እንዳያቋርጥ ነው። ለጨቅላው የተጀመረው መድኃኒት ግን የጥርጣሬ መድኃኒት ነው። ጥርጣሬው ከወደቀ የሚጨረስ ነገር የለም። ካልቸሩ ባክቴሪያ ካሳየ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ እንደ ባክቴሪያው ዓይነትና እንደ ያዘው ቦታ የቀኑ ብዛት ይወሰናል፣ ያም ሙሉ በሙሉ ይሰጣል።

ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራም ያሳስታል። ትንሽ ከፍ ካለ «እስኪወርድ እንስጥ» ይባላል። ሲአርፒ የሰውነት መቆጣት ምልክት ነው። በከባድ ምጥም ሊወጣ ይችላል። በእሱ ብቻ መድኃኒት አይጎተትም።

የሚሠራ ዘዴ አለ። መድኃኒቱ ሲታዘዝ የሚታይበት ቀንና ሰዓት እዚያው ካርዱ ላይ ይጻፋል። «ሐሙስ ጠዋት፣ ካልቸር ይታይ፣ ይቁም ወይም ይቀጥል» ተብሎ። እንዲህ ሲሆን ማቆሙ የአንድ ሰው ድፍረት መሆኑ ይቀርና የክፍሉ ሥርዓት ይሆናል። ወላጅም በሁለተኛው ቀን «ካልቸሩ ምን አለ? እስከ መቼ ነው የሚቀጥለው?» ብሎ ይጠይቅ።

የተገኘ ባክቴሪያ ሁሉ መታከም አለበት ማለት

ከልጁ ቆዳ፣ ከአንጀቱ ወይም ከመተንፈሻ ቱቦው ጫፍ በተወሰደ ናሙና ላይ ክሌብሲዬላ ተገኘ እንበል። ልጁ በደንብ ይተነፍሳል፣ ወተቱን ይወስዳል፣ ሙቀቱ ልክ ነው። ይህ ልጅ ባክቴሪያውን ተሸክሟል እንጂ አልታመመም። መሸከም መድኃኒት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ባክቴሪያው ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር መጠንቀቅ ነው። ወረቀቱ ላይ የባክቴሪያ ስም ሲያዩ እጅ ያሳክካል፣ ይገባኛል። መታከም ያለበት ግን ልጁ ነው፣ ወረቀቱ አይደለም።

ውሃን፣ ሳሙናንና ብልቃጥን ማመን

እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ አራት ጨቅላዎች በሱዶሞናስ ሞቱ። ምርመራው የደረሰው እጅ መታጠቢያ ቧንቧዎቹ ጋ ነው። የሚያጸዳው ውሃ ራሱ ባክቴሪያ ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ በእነዚያ ክፍሎች ጨቅላዎችን ለማጠብ ስቴራይል፣ ማለትም ከጀርም ሙሉ በሙሉ የጸዳ ውሃ ብቻ እንዲሆን ተመከረ።

ከዚህ የሚወጡ ተግባራዊ ነገሮች አሉ። እጅ መታጠቢያው እጅ መታጠቢያ ብቻ ይሁን። የተረፈ ወተት፣ የተረፈ ግሉኮስ፣ የተጠባ አክታ እዚያ ሲደፋ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ እየመገብነው ነው። ውሃው ሲከፈት የሚረጨው ነጠብጣብ አጠገቡ የተቀመጠ ንጹሕ ዕቃ ላይ ያርፋል። ስለዚህ መድኃኒት መቅጃው ጠረጴዛ ከመታጠቢያው ይራቅ። የኢንኩቤተሩ እርጥበት ማጠራቀሚያ በቧንቧ ውሃ አይሞላም፤ ስቴራይል ውሃ ይገባበታል፣ በየቀኑም ይለወጣል። ፈሳሽ ሳሙና ሲያልቅ በላዩ ላይ አይሞላም። ሴራሺያ የተባለው ባክቴሪያ ሳሙና ውስጥ እንኳ ይኖራል። ዕቃው ባዶ ይሁን፣ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይሞላ።

የግሉኮሱ ከረጢት ነገር ደግሞ የዘወትር ነው። ለትንሽ ልጅ የሚያስፈልገው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፤ ከረጢቱ ትልቅ ነው። መጣል ያሳዝናል። ጠዋት አንዱ ይከፈታል፣ መርፌ እላዩ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፣ ቀኑን ሙሉ ለስድስት ልጅ ይቀዳበታል። አንድ ጊዜ እጅ የነካው እንደሆነ ስድስቱም የሚጠጡት ያንኑ ነው፣ ያውም በደም ሥር። ስኳር ያለበት ፈሳሽ ለእነ ክሌብሲዬላ ምቹ ማደጊያ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ልጆች በአንድ ባክቴሪያ ደማቸው ከተያዘ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይሄ ከረጢትና በጋራ የሚቀዳባቸው ብልቃጦች ናቸው። ለአንድ ልጅ አንድ ከረጢት፣ ለአንድ ልጅ አንድ ብልቃጥ። አቅሙ ከሌለ፣ ፋርማሲው በንጹሕ ቦታ በየዶዙ ከፋፍሎ ያዘጋጅ።

አሲኔቶባክተር የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ደረቅ ነገር ላይ ለሳምንታት ይቆያል። የሞኒተር ገመድ፣ ስቴቶስኮፕ፣ ሚዛን፣ የአልጋ ጠርዝ። ለየልጁ የራሱ ስቴቶስኮፕ ቢኖር ሸጋ ነው፤ ከሌለ በመሃል በአልኮል ይጠረጋል። ኢንኩቤተር ግን ልጁ ውስጡ እያለ በኃይለኛ ኬሚካል አይጠረግም። በተለይ ፊኖል ያለባቸው ማጽጃዎች ጨቅላዎች ላይ ቢጫነትን እንደሚያባብሱ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል።

«ይቆይ፣ ያስፈልግ ይሆናል» እያሉ መስመር መተው

አጭር ነው። በእምብርት ወይም በትልቅ ደም ሥር የገባ መስመር በቆየ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። በየጠዋቱ ጉብኝት «ዛሬስ ያስፈልገዋል?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ የሚያቅማማ ከሆነ ይውጣ። ሲከፈት ደግሞ ጫፉ በአልኮል ወይም ክሎርሄክሲዲን በተባለው ማጽጃ ታሽቶ፣ ደርቆ ይከፈት። ሩጫ ላይ የሚዘለለው ይህ ማድረቁ ነው።

እናትን ከክፍሉ ማራቅ

ብዙ ክፍል ኢንፌክሽን ሲነሳ መጀመሪያ የሚዘጋው በር የእናቶች ነው። «ጀርም ይዛችሁ ትገባላችሁ» ይባላሉ። ማስረጃው ግን ተቃራኒውን ነው የሚያሳየው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ በአምስት አገሮች የተካሄደ ጥናት ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ ሕፃናትን ተከታትሏል። አንዱ ቡድን እንደተወለደ ወዲያው ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ እንዲሆን ተደረገ፤ ይህ ካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። ሌላው እስኪረጋጋ ኢንኩቤተር ወይም ማሞቂያ ውስጥ ቆየ። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ከካንጋሮ ቡድን የሞቱት ከመቶ 12 ሲሆኑ ከሌላው ቡድን 15.7 ነበሩ። የተጠረጠረ ሴፕሲስም በካንጋሮ ቡድን አንሶ ተገኘ።

ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ደረቷ ላይ ያለ ልጅ የሚነካው የአንድ ሰው ቆዳ ነው። ኢንኩቤተር ውስጥ ያለውን የሚነኩት በቀን ስንት እጆች ናቸው? ከእናቱ ቆዳ የሚሰፍሩበት ባክቴሪያዎች ደግሞ በአብዛኛው በቀላል መድኃኒት የሚሞቱ ናቸው። የክፍሉ ባክቴሪያዎች ግን አንቲባዮቲክ የሚዘንብበት ቦታ ላይ ያደጉ ናቸው። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ካንጋሮ እንክብካቤ ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ እንዲጀመር የመከረው እንዲህ ባለ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው። ምክሩ በራሱ መተንፈስ ያቃተውን፣ ማሽን ላይ ያለውን ወይም ደም ዝውውሩ የተናጋውን ልጅ አይጨምርም።

እንገሩም አይጣል። ጠብታም ቢሆን ለልጁ አፍ ይቀባለት። ፀረ-ጀርም ነገሮች ታጭቀውበታል። የእናት ጡት ወተት የሴፕሲስንም፣ የዚያን የአንጀት በሽታም ዕድል ይቀንሳል። ጥንቃቄው ማለቢያው ላይ ነው። የፓምፑ ክፍሎች ከእያንዳንዱ አለባ በኋላ ይታጠቡ፣ በደንብ ይድረቁ። እርጥብ ሆኖ የተከደነ ዕቃ የባክቴሪያ ሠፈር ነው። የዱቄት ወተት የግድ ከሆነ፣ ዱቄቱ ስቴራይል አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ ይበጠበጣል፣ ቀዝቀዝ ብሎ ወዲያው ይሰጣል።

ወረርሽኝን መደበቅ፣ ወይም አንዲት ነርስ ላይ መለጠፍ

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት መድኃኒት በማይበግረው ባክቴሪያ ከተያዙ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። መፈተሽ አለበት። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ በሹክሹክታ ይያዛል፣ ስም እንዳይጠፋ። ከዚያ አንዲት ነርስ ትጠራና ትገሠጻለች። አንድ ነርስ አሥራ አምስት ልጅ ይዛ፣ ሁለት ልጅ በአንድ ማሞቂያ ተኝቶ፣ ሳኒታይዘሩ በር ላይ ብቻ ተሰቅሎ «እጅሽን አልታጠብሽም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ቁጥሩ ከታየ እያንዳንዱን ልጅ በነካች ቁጥር ብትታጠብ ሌላ ሥራ የምትሠራበት ሰዓት አይተርፋትም። ሳኒታይዘሩ በየአልጋው ይሰቀል፤ ሁለት ልጅ አንድ ማሞቂያ ላይ አይተኛ፤ የተያዙት አንድ ጥግ ላይ ይሰብሰቡና ከተቻለ የራሳቸው ነርስ ትመደብላቸው። ወላጆችም በግልጽ ይነገራቸው።

ሲነገራቸው ግን «ልጅሽ ተላላፊ ነገር ይዟታል» ብሎ ጥሎ መሄድ የለም። እንዲህ የተባለች እናት ልጇን ለመንካት ትፈራለች። ሠራተኛውም አልጋውን እየዘለለ ያልፋል። ተለይቶ የተኛ ልጅ በቶሎ ካልታየ ሲደክምም አይታወቅም። እናት ታጥባ ልጇን ትቀፍ። ብቻ ሌላው ልጅ ጋ አትሂድ።

ከወጡ በኋላ ትኩሳት መጠበቅ

ልጁ ደህና ሆኖ ቤቱ ሲገባ አንጀቱ ውስጥ ባክቴሪያውን ለወራት ተሸክሞ ሊቆይ ይችላል። ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ከዳይፐር በኋላና ከማጥባት በፊት እጅ መታጠብ ነው። ወንድምና እህቱን ማራቅ አያስፈልግም። የታመመ ጎብኚ ግን ይቅር።

ጨቅላ በኢንፌክሽን ሲያዝ ሰውነቱ ሊሞቅም ሊቀዘቅዝም ይችላል። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ35.5 በታች ሁለቱም አደጋ ናቸው። ጡት መጥባት ካቆመ፣ ሲነኩት ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ካንቀጠቀጠው እስኪነጋ አይጠበቅም። ቤት የተረፈ የሌላ ልጅ ሽሮፕም አይሰጠው። ሲሄዱ የመውጫ ወረቀቱን ይያዙ። ልጁ ጽኑ ክፍል ተኝቶ እንደነበር፣ የትኛው ባክቴሪያ እንደተገኘበትና የትኛው መድኃኒት እንዳልሠራለት ገና በር ላይ ይንገሩ። ወረቀቱ ላይ ይህ ካልተጻፈ፣ ከሆስፒታሉ ከመውጣትዎ በፊት ያስጽፉ።